የጌም ውድድርን በልብ ወለድ ለመጻፍ የትኛው ጨዋታ ይሻላል? ጎጃም ላይ ሆኖ ለሚጽፍ

ባለፈው ዓመት ከቢቸና ለትምህርት ደብረ ማርቆስ የመጣች አንዲት ተማሪ የጻፈችውን አጭር ልብ ወለድ ይዛልኝ መጣች። ባለታሪኳ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ፕሌይስቴሽን ቤት የማይጠፋ ልጅ ነው። አጀማመሩ ደስ ይላል። ዝናብ ነው፤ ጭቃ የጠጣ ጫማ በሩ ላይ ተከምሯል፤ ልጁ ከታላቅ ወንድሙ ኪስ የወሰዳትን ሃያ ብር በጣቱ እያጠቀለለ ተራውን ይጠብቃል። ከዚያ ውድድሩ ተጀመረ፤ ታሪኩም እዚያው ቆመ። የቀሩት አራት ገጾች ስለ ዶታ 2 ናቸው፤ የትኛው ጀግና ምን ኃይል እንዳለው፣ የትኛው ዕቃ በስንት ወርቅ እንደሚገዛ። ሃያ ብሯ የት እንደገባች አልታወቀም።

«ለምን ዶታን መረጥሽ?» አልኋት።

«ጋሼ፣ ትልቁ ገንዘብ ያለው እሱ ላይ ነው ሲሉ ሰምቼ ነዋ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በ2021 ቡካሬስት ላይ የተካሄደው የዶታ 2 የዓለም ውድድር ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት ቀርቦበታል (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ነገር ግን ዶታ 2 የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ ፕሌይስቴሽን ላይ የለም። ያንን ማረም ቀላል ነው። የማይቀለው ሌላው ነው፦ ለልብ ወለድ 40 ሚሊዮን ዶላር ከሃያ ብር ያንሳል። ሃያ ብሯ ከማን ኪስ እንደወጣች አንባቢው አይቷል፤ ሚሊዮኑን ግን ማንም አላየውም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጌም ውድድር መጻፍ ለሚፈልጉ ወጣቶች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ጨዋታውን በዝናው ወይም በሽልማቱ አትምረጡ። እያንዳንዱ ጨዋታ ከሰው ላይ የሚያወጣው የተደበቀ ነገር አለ፤ ባለታሪካችሁ የሚደብቀውን የሚያወጣውን ጨዋታ ምረጡ። አራቱን ዋና ዋና ዓይነቶች በዚህ ሚዛን ላስቀምጣቸው።

የኳስ ጨዋታ

የጨዋታው ስም በ2023 «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ተብሎ ቢቀየርም በየቤቱ ዛሬም «ፊፋ» ነው የሚባለው። ተቀናቃኙ የኮናሚው «ፔስ»ም በ2021 «ኢፉትቦል» ተብሏል። ልብ ወለዳችሁ ውስጥ የሚናገረው ሰው የሚለውን እንጂ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን አትጻፉ።

የኳስ ጨዋታ ትልቁ ጥቅሙ ምንም ማስረዳት አለመፈለጉ ነው። ጆይስቲክ ነክተው የማያውቁ እናት እንኳ ጎል ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሰዓቱም ለጸሐፊ የተሠራ ይመስላል። 90 ደቂቃው በአሥር ምናምን ደቂቃ ያልቃል፤ መሀል ላይ ዕረፍት አለ፤ በዕረፍቱ ሰዎች ይናገራሉ። ሁለቱ ተጫዋቾች ደግሞ ፊት ለፊት አይደለም የሚቀመጡት። አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ነው። ተቀናቃኝህ ሲተነፍስ ትከሻህ ይሰማዋል። ይህን ልብ ያለ ጸሐፊ ገና አላጋጠመኝም።

ሕጉም ዝግጁ ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ የተሸነፈ ይነሣል።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ትንሽ ቤት ነው። አሥራ አራት ዓመት የማይሞላው ልጅ ጥፍሩ ሥር የሞተር ዘይት ካለበት ጋራዥ ሠራተኛ ጋር ይጫወታል። ልጁ 1 ለ 0 ይመራል፤ ሰዓቱ 80 አልፏል። ኳሷን ከተከላካይ ወደ ተከላካይ ብቻ ያቀባብላታል። ሰውየው አንድ ቃል አልተናገረም። ከኋላ የቆሙት ግን ጀመሩ፤ «አጫውተው እንጂ!»፣ «ፈራህ እንዴ?» ልጁ አንገቱ ላይ ላብ ሲወጣ አየሁ። የግራ አውራ ጣቱ ጎማው ተልጦ ያለቀው የጆይስቲኩ ዘንግ ላይ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወደ ፊት ሄደ፤ ኳሷን ተቀማ፤ ጎል ገባበት። በተጨማሪው ሰዓት ሌላ ተደገመ። ተነሣ፤ ከፈለ፤ ጫማውን ሳያስር ወጣ።

ልጁን ያሸነፈው ሰውየው አይደለም፤ ይሉኝታው ነው። ማቀባበሉን ቢቀጥል ያሸንፍ ነበር። «ፈሪ» መባልን ግን መቻል አልቻለም። የኳስ ጨዋታ ከሰው ላይ የሚያወጣው ይህን ነው። ባለታሪካችሁ የሰው ዓይን የሚከብደው፣ ለሰፈሩ አፍ የሚኖር ከሆነ ሌላ ጨዋታ አትፈልጉ።

ሁለት አደጋ አለበት። አንደኛው የመጨረሻዋ ደቂቃ ጎል ናት። የሚመጡልኝ ጽሑፎች ሁሉ በ90ኛው ደቂቃ ነው የሚያሸንፉት። ወሳኟን ጎል በ10ኛው ደቂቃ አግቡና የቀረውን ጊዜ ባለታሪኩ ውጤቱን ተሸክሞ እንዲቆይ አድርጉት፤ ያ ይከብዳል፣ ያምራልም። ሁለተኛው ጸሐፊው ሳያውቀው የሜዳ ኳስ መተረክ ይጀምራል፤ «አጥቂው በግራ ክንፍ ሰንጥቆ ገባ» ይላል። ስክሪኑ ውስጥ ያለው አጥቂ ልብ የለውም። ልብ ያለው አግዳሚው ላይ ነው። ዓይናችሁን ከጣት፣ ከጉልበት፣ ከጉሮሮ አታንሡ።

የድብድብ ጨዋታ

እኔ በገባሁባቸው ቤቶች ተከን ሁልጊዜ ከኳሱ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው፤ አንድ ጥግ ላይ ያለችው አሮጌ ቴሌቪዥን የእሱ ናት። ለአጭር ልብ ወለድ ግን እኔን ብትጠይቁኝ የሚበልጠው እሱ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል። ተከን በሴኮንድ 60 ምስል ያሳያል። ፈጣኑ ቡጢ በ10 ምስል ይደርሳል፤ ይኸውም የሴኮንድ አንድ ስድስተኛ ነው። የሰው ልጅ አይቶ እስኪወስንና ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ ቡጢውን አይቶ መከላከል አይቻልም። መከላከል የሚቻለው ሰውየው ሊመታ እንደሆነ ከመምታቱ በፊት በማወቅ ብቻ ነው። ጨዋታው ሁሉ የሌላውን ልብ ማንበብ ነው፤ ከሦስት ዙር በኋላም አንዱ ሌላውን ከእናቱ ይበልጥ ያውቀዋል።

ይህን ስጽፍ ትዝ የሚለኝ ቅኔ ቤት ነው። ጎጃም የዋሸራ አገር ነው። ተማሪው በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ይቆማል፤ ወረቀት የለም፤ የተባለ ቅኔ አይደገምም፤ ሲዘርፍ አድማጩ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሊቀድመው ይሽቀዳደማል። ጎበዙ ወርቁን አድማጩ ባልጠበቀበት ይደብቃል። የድብድብ ጨዋታም ሰምና ወርቅ ነው። እጁ የሚያሳየው አንድ ነው፤ የሚያስበው ሌላ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት መሆኑን የምታውቁ ደግሞ ልኩንም ታውቁታላችሁ፤ አንድ የተከን ግጥሚያ ጉባኤ ቃና ነው። ዙሩ 60 ሴኮንድ፤ ሦስት ዙር የቀደመ አሸነፈ፤ አቦሉ ተቀድቶ ሳይበርድ ያልቃል።

ከታሪኩ ሁለት ነገር ላንሣ፤ ሁለቱም ለጸሐፊ የሚጠቅሙ ናቸው። በ2004 ካሊፎርኒያ በተካሄደው «ኢቮ» የተባለ የድብድብ ጨዋታዎች ውድድር ጃፓናዊው ዳይጎ ኡመሃራ ከአሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ ጋር በስትሪት ፋይተር 3 ገጠመ። ስክሪኑ ላይ የዳይጎ ተዋጊ ዕድሜ በክር ተንጠልጥሏል፤ ዎንግ ደግሞ ተከታታይ ልዩ ምት ለቀቀበት፤ በዚያ ጨዋታ ያንን ዓይነት ምት በተራ መከላከያ ቢይዘው እንኳ ጥቂት ዕድሜ ይቀንስበታል፣ ያች ጥቂት ደግሞ ለመሞት ትበቃዋለች። አንድ መንገድ ብቻ ነበረው። ምቱ በሚደርስባት ቅጽበት ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ምቱ አቅጣጫ መግፋት። አሥራ አምስት ተከታታይ ምት አንድ በአንድ እንደዚያ መልሶ አሸነፈ። ለመትረፍ ወደሚገድለው መጠጋት! ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ጸሐፊ ከየት ያመጣል? የውድድሩን ፍጻሜ ግን ዳይጎ አላሸነፈም። ዋንጫውን ሌላ ሰው ወሰደ፤ ዛሬ ሁሉም የሚያነሣው ያችን ቅጽበት ነው። ባለታሪካችሁ የግድ ማሸነፍ የለበትም።

ሁለተኛው በ2019 ነው። ከፓኪስታን ላሆር የመጣው አርስላን አሽ በአንድ ዓመት ውስጥ ጃፓን ላይም ላስ ቬጋስ ላይም የኢቮን የተከን ውድድር አሸነፈ። የተከን ኃያላን ጃፓንና ኮሪያ ናቸው ሲባል በኖረበት ዓለም ላሆር ስሟ አይነሣም ነበር። በዚያች ከተማ ልጆች ለዓመታት እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ማንም አላያቸውም። «ከቡሬ ወይም ከሞጣ የወጣ ልጅ እንዴት የዓለም ተጫዋች ይሆናል? አይታመንም» ለሚሏችሁ ይህን ንገሯቸው። የታመነ ነገር ነው፤ ተደርጓል።

ከቢቸና የመጣችው ተማሪ መጨረሻ ላይ የመረጠችው ተከንን ነው። ከአራቱ ገጽ ሦስቱን አወጣችና ታላቅ ወንድምየውን አስገባችው። ወንድምየው ሃያ ብሯን ፍለጋ መጥቶ ልጁ አጠገብ ተቀመጠ፤ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አነሣ። ስለ ብሯ አንድም ቃል አልተባባሉም። በሦስተኛው ዙር ግን ወንድምየው እንደሚያውቅ ልጁ ያውቃል። ይህን በኳስ ጨዋታ መጻፍ አይቻልም ነበር።

ድክመቱ የስልት ስም ነው። ተጫዋች የሆነ ጸሐፊ የእያንዳንዱን ምት ስም ሲደረድር አንባቢው ይጠፋበታል። ለአንድ ታሪክ አንድ ስልት ይበቃል። መጀመሪያ ላይ አሳዩት፣ መሀል ላይ አስከሽፉት፣ መጨረሻ ላይ መልሱት፤ አንባቢው ሳይማር ተምሯል።

የቡድን ጨዋታ

ዶታ 2፣ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ፣ ካውንተር ስትራይክ፤ ሦስቱም አምስት ለአምስት ናቸው። ረጅም ልብ ወለድ የምትጽፉ ከሆነ ወደዚህ ኑ፣ አጭር ከሆነ ግን አይበጃችሁም። አምስት ሰው በስምንት ገጽ ሰው አይሆንም።

እዚህ የሚገለጠው እምነትና ቂም ነው። በገጠራችን ወንፈል የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ዛሬ አንተ የእኔን ጤፍ ታጭዳለህ፣ ነገ እኔ ያንተን፤ የማይመልስ ሰው ሰፈሩ በዝምታ ይመዘግበዋል። የቡድን ጨዋታ እንደዚያ ነው። አንዱ ሌላው እንዲያድግ ራሱን ይሰዋል፤ የተሰዋለት ደግሞ በሰዓቱ ካልደረሰ ሒሳቡ ይጻፋል።

ያለ ልብ ወለድ ልብ ወለድ የሆነውን ላስታውሳችሁ። በ2018 ኦጂ የሚባለው የዶታ ቡድን የዓለም ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሁለት ተጫዋቾቹ ጥለውት ሄዱ፤ አንደኛው የመሥራቹ የብዙ ዓመት ጓደኛ ነበር። ቀሪዎቹ አዲስ ሰው አስገብተው ለማንም ክፍት ከሆነው ማጣሪያ ጀመሩ። ቫንኩቨር ላይ ጓደኛው የገባበትን ቡድን አግኝተው አሸነፉት፤ ከዚያም ዋንጫውን ወሰዱ። በዓመቱ ደገሙት። እኔ ብጽፈው ኖሮ ዋንጫውን አልተርክም ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች ከጨዋታው በኋላ እጅ ለመጨባበጥ የተራመዷትን ጥቂት እርምጃ ነው የምተርከው።

ከሦስቱ አንዱን ምረጡ ካላችሁኝ ካውንተር ስትራይክ ይቀላል። ፈንጂ አለ፤ 40 ሴኮንድ ቆጥሮ ይፈነዳል፤ ማንም ይገባዋል። የሞተ ተጫዋች ዙሩ እስኪያልቅ የጓደኞቹን ጨዋታ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አይችልም። ለጸሐፊ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ከሞት በኋላ የሚያይ ተራኪ ታገኛላችሁ። ዶታ ግን ከመቶ በላይ ጀግኖች አሉት፤ ከጨዋታው በፊት የሚደረገውን የምርጫና የክልከላ ሽኩቻ ካልሆነ በቀር ለማያውቅ ሰው መተረክ ከባድ ነው።

ለጎጃም ታሪክ ችግሩ ቦታው ነው። ጥሩ ጥሩ አምስት ኮምፒውተርና የማይቆራረጥ መስመር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ታሪኩ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይሳባል። ያ የሚያሳጣችሁ ነገር አለ፦ ሰፈሩን።

የስልክ ጨዋታ

ፐብጂ ሞባይል በ2018 ወጣ፤ 100 ሰው ከሰማይ ይወርዳል፣ ክቡ እየጠበበ ይሄዳል፣ አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን ይቀራል። ፍሪ ፋየር አነስ ይላል፤ 50 ሰው ነው፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ለአጭር ትዕይንት ፍሪ ፋየር ይመቻል።

ይህ ጨዋታ የሚያወጣው ፍርሃትንና መደበቅን ነው። ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ሃያ ደቂቃ ሳይተኩስ ከመጨረሻዎቹ አሥር የሚገባ ሰው አለ። ማን ነው እሱ? ቤቱስ እንዴት ነው የሚኖረው?

ሌላ የትም የማታገኙት አንድ ጥቅም ግን አለው። ፕሌይስቴሽን ቤት ሴት ልጅ እምብዛም አትታይም፤ ብትገባም ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ስልክ ግን ኩሽና ውስጥም ይገባል። እንጀራ እየጋገረች፣ ምጣዱ እስኪሰማ ስልኳን እንስራ ላይ አስደግፋ የምትጫወት፣ ስሟ የወንድ የሆነ፣ ባሕር ዳር ያሉ ወንዶች «አለቃ» እያሉ የሚከተሏት የዳንግላ ልጅ አስቡ። ድምጿን መክፈት አትችልም። ማይክ ካልከፈተች ቡድኑን መምራት ያቅታታል፤ ከከፈተች ትታወቃለች። ይህ ታሪክ እስካሁን አልተጻፈም፤ አንዷ እንድትጽፈው በጣም እመኛለሁ።

የስልክ ጨዋታ ትልቁ ወጥመድ መስመር ነው። ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ነው፤ ምልክቱ ሄዶ እስኪመለስ ያለው መዘግየት ብቻ ሰው ይገድላል። በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚያ ዘመን ላይ ታሪክ የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ሊዘለው አይችልም። ሆኖም መቋረጡን በታሪኩ መጨረሻ አታምጡት። ባለታሪኩ ሊያሸንፍ ሲል መብራት ከሄደ ጸሐፊው ነው የሸሸው። በመጀመሪያው ገጽ አቋርጡት። ስድስት ወር ያልተጫወተ ልጅ ጣቱ ምን ይሆናል? አብረውት ይጫወቱ የነበሩትስ የት ናቸው? ከመጡት ውስጥ ማን ጎደለ? እሱ ታሪክ ነው።

ስለ ገንዘብና ስለ ተመልካች

ውድድሩ ገንዘብ ይኑረው አይኑረው ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ይኑረው፤ ግን ባለታሪኩ ቢያጣው ማታ ምን እንደማይበላ የምናውቀው ዓይነት ገንዘብ። ውርርድ ከገባበት ደግሞ ሌላ ታሪክ ይሆናል። በ2010 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የስታርክራፍት ባለሙያ ተጫዋቾች ለውርርድ ብለው ሆን ብለው ሲሸነፉ ተገኝተው አሥራ አንድ ሰው ለዘላለም ታግዷል። የውርርድ ቤት በየከተማችን ባለበት በዚህ ጊዜ ሆን ብሎ የሚሸነፍ ልጅ መጻፍ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ሲሸነፍ እጁ እንቢ እንደሚለው መጻፍ ነው።

ከተራኪዎች ሁሉ ችላ የተባለው ተመልካቹ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ዓይኑ ፈረሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ አጥር ላይ የተንጠለጠሉትን ሕፃናት፣ የራሳቸውን ሰው ሲያዩ የሚያጨበጭቡትን ሽማግሌዎች ያያል። የጌም ቤትም እንደዚያ ነው። ባለቤቱ ከመጋረጃው አጠገብ ደብተሩን ይዞ ተቀምጧል፤ ማን ስንት እንዳለበት ያውቃል። እሱን ተራኪ ብታደርጉት ጨዋታውን ማስረዳት አይኖርባችሁም፤ እሱ ጨዋታውን አያይም፣ የሚያየው ፊታቸውን ነው።

እውነተኛ ስም ወይስ የፈጠራ ጨዋታ?

እውነተኛ ጨዋታ ከጠራችሁ አንባቢ ወዲያው ያምናችኋል፤ ነገር ግን ጨዋታዎቹ በየጊዜው ይሻሻላሉ፣ ዛሬ ኃይለኛ የሆነው ጀግና በወሩ ይዳከማል። ስለዚህ ዓመቱን ወስናችሁ በዚያው ዓመት ቆዩ፤ ዝርዝሩንም አጥብቡት። የፈጠራ ጨዋታ ነፃነት ይሰጣል፤ ግን ሕጉን ለማስተማር ገጽ ይበላል፣ ጸሐፊው በተጨነቀ ቁጥርም አዲስ ሕግ ሊፈጥር ይፈተናል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው እውነተኛውን ነው። የፈጠራውን የምትመርጡ ግን ሕጉን ከመጀመራችሁ በፊት በአንድ ወረቀት ጻፉና ለታናሽ እኅታችሁ አንብቡላት፤ በአንድ ጊዜ ከገባት ተጠቀሙበት።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ የጌም ቤት አማርኛ ድብልቅ ነው። «ላግ አደረገብኝ»፣ «ፔናሊቲ ነው»፣ «ዳታ ጨረስሁ» ይባላል፤ እንደዚያው ጻፉት። ከአዲስ አበባ በስልክ የሚመጣውን አራዳ ቋንቋ ግን በደብረ ማርቆስ ልጅ አፍ ላይ ዝም ብላችሁ አትጫኑ። እናትየው በሩን ከፍተው ሴት ልጃቸውን ሲያገኟት «አንች ልጅ፣ ሂጅ ወደ ቤት!» ነው የሚሉት፤ «አንቺ፣ ሂጂ» አይሉም። ይህች አንዲት ፊደል ታሪኩ ጎጃም ውስጥ እንዳለ ከተራራና ከዓባይ ገለጻ ይበልጥ ትናገራለች።